የጓሮዋ ክፍል ስትጸዳ

ለዛሬ የማጫውታችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው፡፡ መሳቅ ይፈቀዳል፤ ስቃችሁ ስታበቁ ግን በዱዓችሁ እንዳትረሱኝ፡፡

ደሴ ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ክፍል አለች፡፡ አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አናጺ ነበሩ፤ ክፍሏንም ከነመሣሪያዋ የተውልኝ እሳቸው ናቸው፡፡ ቀን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ ለሰፈሩ ልጆች ቁርኣን ባስተምርም መላጊያውንና መሮውን ከእጄ ማውጣት አልሆነልኝም፡፡ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ በሐዲስ መነገሩን ለባለቤቴ ብዙ ጊዜ አስታውሻታለሁ፡፡ እሷም፣ «እሱስ መልካም ነበር፤ ያንተ ሥራ ግን ከመጋዙ ይልቅ ወደ መጋዘኑ ያደላል» ትለኛለች፡፡

እውነቷን ነው፡፡ ጎረቤት እግሩ የወለቀ ወንበር፣ የሚወዛወዝ ረከቦት፣ የተገነጠለ የቁም ሳጥን በር ይዞ ይመጣል፡፡ «መምህር፣ እስቲ ይቺን ተመልከትልኝ» ይለኛል፡፡ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» እላለሁ፡፡ ያ ነገ ሳይመጣ ሌላ ወንበር ይመጣል፡፡

በ1446 ዓመተ ሂጅራ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴ ጾሙን ከእኛ ጋር ለማሳለፍ እንደምትመጣ ላከችብን፡፡ ባለቤቴ ጊዜ አልፈጀችም፡፡ «እማማ የሚያርፉት ጓሮ ካለችው ክፍል ነው፡፡ ለቧንቧው ቅርብ ናት፤ ለዉዱእ አይንገላቱም፡፡ በል ተነስ» አለችኝ፡፡ ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ እሷና የሰባት ዓመቱ ልጃችን በሩን ከፈትን፡፡ ከፈትን ስል በቀላሉ እንዳይመስላችሁ፤ ከውስጥ የተደገፈው ኮምፔንሳቶ ወድቆ ዘግቶት ስለነበር ልጁን በመስኮት ማስገባት ነበረብን፡፡

የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ዶሮዋ ሆነች፡፡ ለአራት ቀን የጠፋችው ዶሯችን በመስኮቱ ስትገባ ከርማ ኖሮ፣ ብሎንና ዳዶ በማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ሰጋቱራውን ጎዝጉዛ ታቅፋለች፡፡ እጄን ስሰድ ነከሰችኝ፡፡ በግድ ቀና ስናደርጋት ከሥሯ ዘጠኝ እንቁላልና አንድ ትልቅ ዳዶ ተገኘ፡፡ ዳዶውን ላወጣ ብል ባለቤቴ «ተዋት፣ አንዱ ቢጎድል ትተዋቸዋለች» ብላ ከለከለችኝ፡፡ መሳቢያው እንዳለ ቀረ፡፡

ከዚያ ምስማር ወደ መለየቱ ገባን፡፡ ምስማር የማኖረው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ቪቴም እንዲሁ፤ ሰም፣ ኮላና የተፈጨ ጠመኔም እንዲሁ፡፡ ጣሳዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እያንዳንዱን ለማወቅ መክፈት ግድ ነው፡፡ ባለቤቴ የጠመኔውን ጣሳ ክዳን በካቻቢቴ ፈንቅላ ስትከፍተው አቧራው ፊቷ ላይ ቦነነ፡፡ ነጭ ሆና ዝም ብላ ቆመች፡፡ እኔና ልጁ ላለመሳቅ ግድግዳውን ማየት ጀመርን፡፡

የኔ ተራ ከዓስር በፊት ደረሰ፡፡ ጣሳ የምለየው ሁልጊዜ በምሠራባት በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፡፡ ለካ ከመደርደሪያው ላይ ክዳኑ ያልተጠበቀ የማስቲሽ ቆርቆሮ ጋደል ብሎ ኖሮ፣ ቀስ እያለ በርጩማዋ ላይ ሲንጠባጠብ ቆይቷል፡፡ እኔም አላየሁ፤ ተቀመጥኩበት፡፡ አዛኑ ሲሰማ ብድግ አልኩ፤ በርጩማዋም አብራኝ ብድግ አለች፡፡ «አባ፣ በርጩማዋ እየተከተለችህ ነው!» ብሎ ልጁ መሬት ላይ ተንከባለለ፡፡ በእጄ ላስለቅቃት ብሞክር እጄም ተያዘ፡፡ ሱሪው በመቀስ ተቀደደ፡፡ የደሴ ብርድ ባለበት ቀን ሽርጥ አገልድሜ ጓሮ ቆምኩ፡፡

አሁን የቀረው ዉዱእ ነው፡፡ ሒና ቀለሙ ብቻ ቆዳ ላይ ስለሚቀር ዉዱእን አያግድም፤ ማስቲሽና የዘይት ቀለም ግን ቆዳው ላይ እንደ ንጣፍ ተነጥፎ ውሃ እንዳይደርስ ስለሚከለክል መነሳት አለበት፡፡ ይህንን ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬዋለሁ! እንደ ኬሚስትሪ አስተማሪነቴም ወደ ቲነሩ ሮጥኩ፡፡ እጄ ተቃጠለ፣ ክፍሏ በሽታ ታወደች፣ ማስቲሹ ግን በየጣቶቼ መሐል እንደተጋገረ ነው፡፡ ባለቤቴ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት አምጥታ እጄን እንደ ሕፃን እጅ እያሸች ለቀለቀችኝ፤ በሳሙና ስታጥበኝ ተልጦ ወጣ፡፡ ቅባትነት ያለውን ቅባት እንደሚያላላው ለስንት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ በቤቴ ግን የማውቀው ሰው እሷ ሆነች፡፡

መስጂድ ልሂድ ብል «ነጭ ሽንኩርት የበላ እንኳ መስጂድ እንዳይቀርብ ተነግሯል፤ አንተ ከሱ የባሰ ትሸታለህ» አለችኝ፡፡ ቤት ውስጥ በጀመዓ ሰገድን፡፡ ልጁ ሰጋቱራው አፍንጫው ገብቶ ኖሮ ከመጀመሪያው ረከዓ እስከ ሰላምታው ሲያስነጥስ ነበር፡፡

ከሶላት በኋላ በርጩማዋን ይፍቅልኝ ብዬ ለልጁ ሰጠሁት፡፡ ገልብጦ ሲፍቅ በእርሳስ የተጻፈ አገኘ፡፡ ገና ማንበብ የሚለማመድ ስለሆነ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ጮክ ብሎ አነበበልን፡፡ «የወፍጮ ቤቷ እማማ፤ አንድ እግር፤ ጥቅምት 2015፡፡»

ጽሕፈቱ የኔ ነው፡፡

አስታወስኩ፡፡ እግሯን ያን ሰሞን ሠርቼላት ነበር፡፡ ጥንካሬዋን ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩባት፤ ተመቸችኝ፡፡ ነገ እወስድላቸዋለሁ እያልኩ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጥኩባት፤ የአባቴ ዕቃ እስክትመስለኝ ድረስ ማለት ነው፡፡ እማማ በ2016 ክረምት ወደ አኼራ ሄደዋል፡፡ ጀናዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፡፡ ለተዕዚያም ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ፡፡ ቤቴ ስመለስ ደግሞ በርጩማቸው ላይ፡፡

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ሲሰደዱ፣ ሊገድሏቸው የሚያደቡት ሰዎች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን ዕቃ ለየባለቤቱ እንዲመልሱ ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደኋላ ማስቀረታቸውን ለልጆቹ የተረክሁት በዚያው ሳምንት ነበር፡፡ አማናን ባለቤቱ ሳይፈቅድ መገልገል እንደማይገባም አብሬ አስተምሬያለሁ፡፡ ልጁ ፊደሉን በትክክል በማንበቡ እንዳደንቀው ቀና ብሎ ያየኛል፡፡ «ጎበዝ» አልኩት፡፡

በዚሁ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፡፡ መግሪብ ላይ ባለቤቴ «የሚሸት ነገር አለ» አለች፡፡ ሐሙስ ዕለት የመሥሪያ ጠረጴዛዬን በተልባ ዘይት አሽቼው ነበር፤ ጨርቆቹን ጠዋት ከሰጋቱራ ጋር ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ ጥግ አስይዣቸዋለሁ፡፡ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ሙቀት ይሰጣል፤ ጨርቁ ተዘርግቶ ከተሰጣ ሙቀቱ ይበተናል፣ ከተጠቀጠቀ ግን እየተጠራቀመ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል፡፡ ጆንያው ሲጨስ ደረስንበት፡፡ ሁለት ባልዲ ውሃ ደፋንበት፡፡ እንደዚህ ያለ ጨርቅ ያላችሁ ወይ ገመድ ላይ አንድ በአንድ ዘርጉት፣ ወይ ውሃ በሞላ ጣሳ ነክራችሁ ክደኑት፡፡ ብንተኛ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል፡፡

በነጋታው በርጩማዋን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፡፡ ልጃቸው እንዳየቻት አወቀቻት፡፡ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ የተቀመጥኩባትንም፣ የተጣበቅኩባትንም፡፡ በመጣበቁ ሳቀች፡፡ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፡፡

«ቡና ስታፈላ ታነሳት ነበር» አለችኝ፡፡ «ሄደን እናምጣት ስንል ‹መምህሩ ልጆች ያስተምራል፤ አትነዝንዙት› እያለች በጀሪካን ላይ ትቀመጥ ነበር፡፡»

ምን ይባላል? ዐፍው በሉኝ አልኳት፤ ለተቀመጥኩበትም ኪራይ ልክፈል አልኩ፡፡ ዕቃው አሁን የወራሾቹ ስለሆነ ከሦስቱም ልጆች ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፡፡ ሁለተኛዋ እዚያው ነበረች፡፡ ሦስተኛው ጂዳ ነው፤ ደወሉለት፤ ስልኩን ሰጡኝ፡፡ ሰምቶኝ ሲያበቃ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፡፡ ከዚያ «እግሯ አሁን ትቆማለች?» አለኝ፡፡ «ትቆማለች» አልኩት፡፡ «እንግዲያው እህቴ ቡና ስታፈላ ትቀመጥባት፡፡ ዐፍው ብዬሃለሁ፤ ኪራይ የምትለውን ተወው፡፡»

የቀሩትን 18 ዕቃዎች ባለቤቴ በደብተር መዝግባ በሩ ላይ ሰቀለች፡፡ አጠገቡ እርሳስ በክር አሰረች፡፡ ረመዳን እስኪገባ 11ዱን ሠርቼ በየቤታቸው አደረስኩ፤ አምስቱን እንዳሉ መለስኩ፤ ሁለቱ ባለቤታቸው ስላልታወቀ ጎረቤት እየጠየቅን ነው፡፡ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ስል ልጁ እርሳሱን አንስቶ «የትኛው ነገ?» ይለኛል፡፡

እናቴ መጥታ ክፍሏን ወደደቻት፡፡ ዶሮዋ የምትነሳ ስላልሆነ መሳቢያው ከአልጋዋ ሥር ገባ፡፡ ረመዳን በገባ በአራተኛው ቀን፣ ሱሑር ላይ እያለን፣ ከአልጋው ሥር ጩኸት ተሰማ፡፡ ስምንት ጫጩት፡፡ አንዱ እንቁላልና ዳዶው አልተፈለፈሉም፡፡ እናቴ በጣቷ ቆጥራ 21ኛው ቀን መሆኑን አረጋገጠችና ወደኔ ዞረች፡፡

«ከዚህ ክፍል ሥራዋን በቀጠሮዋ ቀን ያስረከበች እሷ ብቻ ናት» አለችኝ፡፡