የገና ዛፉ ጥቁር ሲለብስ

ወገኔ፣ እስቲ አንድ ነገር ላንሳልህ። አንዳንድ ፈረንጆች የፕላስቲክ የገና ዛፋቸውን በእኛ ጥቅምት 21 አካባቢ ከካርቶን ያወጡና የሸረሪት ድርና የራስ ቅል አንጠልጥለውበት ሃሎዊን ያከብሩበታል።

በዓሉ የእነሱ ነው፣ መብታቸው ነው። ሃሎዊን ሥሩ አየርላንድ ነው። ድሮ ከማሳቸው የነቀሉትን ሥራሥር ፈልፍለው ፋኖስ ያደርጉት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ሲሰደዱ ዱባ አገኙና በዱባ ተኩት። ልብ በል! በዓላቸውን የሠሩት በእጃቸው ካለው ነው።

እኛስ? ያንኑ ፕላስቲክ በዶላር አስመጥተን ለገና ሳሎን እናቆማለን። ነገ ደግሞ ለሃሎዊን ጥቁር ልናለብሰው ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ልጅ በር ለበር የሚዞርበት በዓል እኮ አለን፤ ቡሄ። የሃሎዊን ልጅ «ካልሰጠኸኝ ተንኮል እሠራብሃለሁ» ይላል፤ የእኛው ሆያ ሆዬ ብሎ፣ ሙልሙሉን ተቀብሎ፣ ቤቱን መርቆ ይሄዳል። እንጨት አቁመን የምናስጌጥበትም አለን፤ ደመራ። መስከረም 16 ሁሉም ችቦውን ይዞ ይመጣል፣ አደይ አበባ ይታሰርበታል። ነድዶ ያልቃል፤ በዓመቱ እንደገና ተሰባስበን እንደምራለን። ካርቶን ውስጥ የሚከርም ደመራ የለም።

ፕላስቲኩን ገዝተህ ከሆነ አትጣለው፣ ዓመት ዓመት ተጠቀምበት። ግን ደምበጫም ኑር ፍኖተ ሰላም፣ ወይ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም፣ ቡሄ ሲደርስ በርህን አትዝጋ። ሳንቲም ወርውረህም አትሸኛቸው፤ ሙልሙል አስጋግር፣ እስከ ምርቃቱ ድረስ ስማቸው። ዛሬ በር የተዘጋበት ልጅ ነገ ለልጁ የሚያወርሰው ሆያ ሆዬ አይኖረውም።