“ና” የምትለው አንዲት ቃል

በከተማችን ግቢ ያለው ቤተሰብ ውሻ የሚያሳድገው በአብዛኛው ለጥበቃ ነው። ቡችላው እንደመጣ ልጆች ይሻሙበታል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ጉልበቱ ያስፈራል፤ ከዚያ ሰንሰለት ይገዛለታል። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ውሻ ከሰው ጋር መኖርን ሳይማር ያድጋል። እንግዳ ሲመጣ “ውሻው ታስሯል?” የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ የሚቀድመውም ለዚህ ነው።

የእኛ ጃክ አሁን 8 ወሩ ነው። እናቴ “ይታሰር” ትላለች፤ የ6 ዓመቷ ልጄ ሰንሰለት ስታይ ታለቅሳለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጃክ ደስ ሲለው ሰው ላይ ዘሎ ይወጣል። የጎረቤት ሕፃን ቢጥልስ? ስለዚህ ለቤተሰቡ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ 3 ወር እናሠልጥነው፣ ከዚያ እንወስን።

የሥልጠናውን ዕቅድ የወሰድኩት ከውሾች የታዛዥነት ውድድር ነው። ውድድሩን በአሜሪካ የጀመሩት ሔለን ዋይትሃውስ ዎከር የተባሉ ፑድል አርቢ ናቸው። ውሾቻቸው ቆንጆ ብቻ ሳይሆኑ ብልህም መሆናቸውን ለማሳየት በ1933 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት፣ ማውንት ኪስኮ ላይ የመጀመሪያውን ፈተና አዘጋጁ። በ1936 የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ውድድሩን ተቀብሎ ደንብ አወጣለት። በጀማሪዎች ደረጃ ውሻው ከ200 ነጥብ ቢያንስ 170 ማግኘት አለበት፤ በእያንዳንዱ ልምምድም ከግማሽ በላይ። ሌላውን ሁሉ አሳምሮ ሠርቶ ሲጠራ ያልመጣ ውሻ ይወድቃል።

ጃክን ለውድድር የማቅረብ ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን የሚፈተኑት ነገሮች በየግቢያችን የሚያስፈልጉን ናቸው። ከጌታው በስተግራ ሳይጎትት መሄድ፣ ሲጠሩት መምጣት፣ “ቆይ” ሲባል መቆየት፣ የማያውቀው ሰው ጭንቅላቱንና ጀርባውን ሲነካው ሳይነቃነቅ መቆም። የመጨረሻው ለእንስሳት ሐኪሙ መርፌም ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሥራ የእኛው የሰዎቹ ነበር። ልጄ “ካም” ትለዋለች፣ እናቴ “ና በል”፣ የግቢያችን ጥበቃ ደግሞ ያፏጩለታል። እኔ ማርኬቲንግ ነው የምሠራው፤ አንድ ዕቃ በሦስት ስም ቢተዋወቅ ማን ይገዛዋል? ተሰብስበን ቃላቱን ወሰንን። “ና”፣ “ቁጭ”፣ “ቆይ”፣ “ተው”። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ቃሉ የሚባለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በውድድሩም ትእዛዝ መድገም ነጥብ ያስቀንሳል፤ አንዳንዴም ያስጥላል። “ና፣ ና፣ ና!” የሚባል ውሻ የሚማረው አራተኛውን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሽልማት ነው። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንደሚባለው፣ ጃክም በበላበት ይማራል። ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ ተቀቅሎ በጥፍር ልክ ይቆረጣል፤ የዳቦ ቁራሽም ይሆናል። ዋናው ሰዓቱ ነው። ቂጡ መሬት እንደነካ፣ በዚያችው ቅጽበት ይሰጠዋል። ተነስቶ ከዘለለ በኋላ ከተሰጠው የተሸለመው ዝላዩ ነው። በአሜሪካው ውድድር ሜዳ ውስጥ ምግብ ስለማይፈቀድ፣ ውሻው ሲለምድ ሽልማቱን እያሳሱ ምስጋናውን ማብዛት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው “ና” ናት። ከሁለት እርምጃ ርቀት ጀምረን በየቀኑ ትንሽ እናረዝማለን፤ በረጅም ገመድ ታስሮ፣ እኔና ልጄ ወዲህና ወዲያ ቆመን እንጠራዋለን። አንድ ሕግ ግን አይጣስም፤ “ና” ተብሎ የመጣ ውሻ አይቆጡትም፣ አያስሩትም፣ አያጥቡትም። ገላውን ማጠብ ሲያስፈልግ ሄደን እናመጣዋለን። ቃሏ ከክፉ ነገር ጋር ከተያያዘች፣ በሩ ተከፍቶ ወደ አስፋልት የሚሮጥበት ቀን አትሠራም።

ለዝላዩ መድኃኒቱ “ቁጭ” ነው፤ የተቀመጠ ውሻ አይዘልም። የመጣ ሰው ሁሉ ጃክ ከተቀመጠ ይዳብሰዋል፣ ከዘለለ ጀርባውን ያዞርበታል። ሥልጠናው ጠዋትና ማታ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ ወጣት ውሻ ቶሎ ይሰለቻል።

ሥልጠና ክትባትን አይተካም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመራል፤ እንደ ሐኪሙ ምክርም ይደገማል። የነከሰው ውሻ የማንም ይሁን የማን፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። የሠለጠነ ውሻም ቢሆን ከሕፃን ጋር ብቻውን አይተውም።

ወር ተኩል አልፎናል። ጃክ በሩ ሲንኳኳ ከ10 ጊዜ 7ቱን ይቀመጣል፤ ድመት ካየ ግን እኔንም ሳንባዬንም ይረሳል። እናቴ ሐሳቧን አልለወጠችም፤ ባለፈው ሳምንት ግን ማንም ሳይነግራት “ቁጭ” ብላው፣ ሲቀመጥ ከዳቦዋ ቆርሳ ስትሰጠው አየኋት። የቀረን ወር ተኩል ነው። እናንተም ቡችላ ካላችሁ ሰንሰለቱን ከመግዛታችሁ በፊት አራት ቃል መርጣችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ።