መድኃኒቱ ከጎዳ በኋላ

ዲያና ሌቪን እንጀራዋን የምትበላው በሙዚቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት ብርቱ የማይግሬን ራስ ምታት ይዟት ወደ ጤና ተቋም ሄደች። ለማቅለሽለሹ ፌነርጋን የተባለውን መድኃኒት መጀመሪያ በጡንቻዋ ወጓት፤ አልተሻላትም። በዚያው ዕለት ስትመለስ በክንዷ በኩል በቀጥታ በደም ሥር ገፉላት። መድኃኒቱ ግን ከደም መልስ ይልቅ ደም ቅዳው ውስጥ ገባ። ደም ቅዳ ውስጥ ሲገባ ሥጋ ይገድላል። እጇ ጠቆረ፣ ጋንግሪን ያዘው፤ ሐኪሞች መጀመሪያ ቀኝ እጇን፣ ቀጥሎም ክንዷን ቆረጡት።

ሌቪን ከጤና ተቋሙ ጋር በስምምነት ከጨረሰች በኋላ አምራቹን ዋይዝን ከሰሰች። ክርክሯ በማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ላይ ነበር፦ መድኃኒቱን በሲሪንጅ በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ መግፋት ያለውን አደጋ ኩባንያው እያወቀ፣ በሚንጠባጠብ ፈሳሽ (ድሪፕ) አማካይነት በዝግታ እንዲሰጥ አጥብቆ አላሳሰበም የሚል። ኩባንያው ጽሑፉን የፌዴራሉ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አጽድቆልኛል ሲል ተከላከለ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዳኞቹ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ለሌቪን ፈረዱ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ካሣ ጸና።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው የገንዘቡን መጠን ነው። ሊያዝ የሚገባው ግን ኩባንያው የተረታው በጉዳቱ ብቻ ሳይሆን በማስጠንቀቂያው ጉድለት መሆኑ ነው። መድኃኒት ማንም ሳያጠፋ ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ ቀደም ምንም ያልሆነ ሰው ፔኒሲሊን ተወግቶ ሰውነቱ ሊቆጣ፣ ኮትሪሞክሳዞል የዋጠ ሌላ ሰው ቆዳው ሊላጥ ይችላል። ጉዳቱ ብቻውን ሐኪሙን ጥፋተኛ አያደርገውም። ዳኛው ፊት የሚመዘኑት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ታካሚው ከዚህ በፊት የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ተጠይቋል? የሰጠው መልስ ካርዱ ላይ ሰፍሯል? አደጋው ተነግሮት ነው የተስማማው? ሰውነቱ ሲቆጣ አድሬናሊን በክፍሉ ውስጥ ነበር?

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ሰዎች እንደሚያስቡት ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሆነ ሁሉ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል፤ በቸልተኝነት ከጣሰው ይጠየቃል። አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋሙን ራሱን የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ላጠፉት ጥፋት ተጠያቂ ያደርገዋል። አንቀጽ 2085 ደግሞ ለትርፍ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበው ዕቃ በተለመደው አጠቃቀም ሰው ሲጎዳ አምራቹን ይይዛል። አቅም የሌለው ሰውም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደኻ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል።

ችግሩ የማስረዳቱ ሸክም በተጎጂው ላይ መሆኑ ነው፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ በተከሳሹ መደርደሪያ ላይ ነው። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ወደ ካርድ ክፍሉ መሄድ የሚበጀው። የካርዱን ቅጂ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ማመልከቻውን አስገብቶ በቀሪው ላይ ማኅተም ማስመታት፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያና ብልቃጥ ከነመለያ ቁጥሩ ማስቀመጥ፣ የማዘዣ ወረቀቱንና ደረሰኙን አለመጣል፣ ቁስሉን ቀኑ ሳያልፍ ፎቶ ማንሳት። ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የጉዳቱን መጠን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ማውጣትም አይዘነጋ። ጉዳቱን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ ስልክ ማስመዝገብ ይቻላል፤ በየጤና ተቋሙ ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀ ቢጫ ቅጽ አለ። ባለሙያው ስለ መሳሳቱ ቅሬታ የሚቀርበው ለጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ፖሊስና ፍርድ ቤትም የሙያ አስተያየት የሚጠይቁት ከዚያው ነው።

ብዙ ቤተሰብ ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፖሊስ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ለሞት ያበቃ ሐኪምን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ሐዘኑ ያነሳሳው ቁጣ አይፈረድበትም። ሆኖም የሐኪሙ መታሰር አካሉ ለጎደለ ሰው የወር አስቤዛ አይሆንም፤ ወንጀል ሆኖ ለመረጋገጥ የሚጠየቀው ማስረጃም የበለጠ ከባድ ነው። የወንጀል ክስ ከተመሠረተ እንኳ ተበዳዩ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የካሣ ጥያቄውን እዚያው ማቅረብ እንደሚችል የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ሌላው ቤተሰብ ደግሞ «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ ወይም ሽማግሌ ይልካል። ሽምግልናው መልካም ነው፤ ብዙ ቤት አስታርቋል። ግን «ለፋሲካ እንገናኝ»፣ «ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ይመለስ» እየተባለ ቀኑ ይገፋል። ከውል ውጭ ለሚነሳ የካሣ ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የሰጠው የይርጋ ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው። ከፍሎ የታከመ ሰው ክሱን በሕክምና ውሉ ላይ ካቆመ የአሥር ዓመቱ ይርጋ ሊጠቅመው ይችላል፤ በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ግን ራስን ለክርክር ማጋለጥ ነው። ሽማግሌም ቢቀመጥ ጠበቃ በጎን መማከር አለበት።

አጥብቆ ሊነገር የሚገባው ሌላው ነገር የካሣው መጠን ነው። የታጣ ገቢና የሕክምና ወጪ በሕጉ እንደ ደረሰው ጉዳት ልክ ይካሣል። ለሕሊና ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ጣሪያ አበጅቷል፦ አንድ ሺህ ብር። ገንዘቡ በ1952 ዓ.ም. ብዙ ነበር። ዛሬ ልጇን ያጣች እናት ለሐዘኗ የምታገኘው ካሣ ለአንድ ሳምንት እንኳ አያዘልቅም። ይህ አንቀጽ እስከ ዛሬ ሳይነካ መቆየቱ አሳፋሪ ነው።

ከዚያ የሚከፋው ማንም ጥፋተኛ ያልሆነበት ጉዳት ነው፤ ለእሱ የተዘጋጀ የካሣ ፈንድ የለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው ሕግ በክትባት ለተጎዱ ሰዎች ጥፋተኛ ሳይፈለግ የሚከፈል ፈንድ አቋቁማለች፤ ገንዘቡ የሚመጣው በእያንዳንዱ የክትባት መጠን ላይ፣ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም ታክስ እየተጣለ ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልብ ይበሉ፦ ማመልከቻው የሚቀርበው የመጀመሪያው ምልክት በታየ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፣ የጠበቃውንም ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ፈንዱ ይችላል። ይህን መሰል ነገር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ክትባትን ለአገሮች ባከፋፈለው በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ክትባት ሲገባ፣ በክትባቱ ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ያለ ክስ ካሣ የሚከፍል መርሐ ግብር አብሮ ተዘርግቶ ነበር። ለኮቪድ ክትባት የተቻለው፣ መንግሥት ራሱ «ልጆቻችሁን አስከትቡ» እያለ ለሚሰጠው መደበኛ ክትባትም መቻል አለበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዚህ ላይ ሕግ ለማውጣት ሌላ ወረርሽኝ መጠበቅ የለበትም።