ጤናችን፦ ሕፃኑ ፊቱ ላይ ብጉር ሲወጣበት

አንዲት ተማሪያችን ወለደች። በሦስተኛው ሳምንት አራስ ልንጠይቅ ሄድን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልናት። ገንፎ ቀረበልን። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም።

ሕፃኑን ገልጣ አሳየችን። ጉንጩና ግንባሩ ቀያይ ብጉር አውጥቷል። ቅቤ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። አማቷ «ዓይን ነው» አሉን። አንዷ ጎረቤት «በመርፌ አፍርጪው» ብላታለች። ሌላዋ ደግሞ «ወተትሽ አልተስማማውም፤ ጡት አስጥዪው» ብላታለች።

«ምን ይሻለኛል? ጡት ልከልክለው ወይ?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም በግምት አልመለስንላትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራናት። መጥታ ልጁን አየች፤ ሲጠባም ተመለከተች። «ልጁ ደህና ነው። ይህ የጨቅላ ሕፃን ብጉር ነው» አለች። ያስረዳችንን እንጽፍላችኋለን።

ብጉሩ ከምን ይመጣል?

ከቆዳችን ሥር ቅባት የሚያወጡ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በሰውነት ውስጥ ሆርሞን የሚባል ነገር አለ። ሕፃን እንደተወለደ ሆርሞን እነዚህን ዕጢዎች ያነሳሳል። ቅባቱ ሲበዛ ብጉር ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት ነው። በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የእናት ወተት ጥፋት አይደለም።

ምን እናድርግ?

1. ሕፃኑን ከመንካታችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።
2. ፊቱን በቀን አንድ ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ እንጠበው። ሳንፈትግ በንጹሕ ጨርቅ እናድርቀው።
3. ጡት ማጥባቱን እንቀጥል። እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ምን አናድርግ?

1. ፊቱን ቅቤ፣ ዘይት ወይም ቫዝሊን አንቀባው። ቅባት የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል።
2. ብጉሩን አናፍርጠው። በቁስሉ በኩል ጀርም ይገባል።
3. ዳማከሴም ሆነ የትልቅ ሰው የብጉር መድኃኒት አናድርግበት። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ?

ብጉሩ መግል ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ የልጁ ገላ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከደከመ፣ ጡት አልይዝም ካለ፣ አንቆይ። ሳንውል ሳናድር እንውሰደው።

ያቺ ተማሪያችን ጡት አላስጣለችም። ቅቤውንም ከልጁ ፊት አስቀረች። አማቷም «እንግዲህ ይሁን» አሉ። ልጁ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ብጉሩ እየጠፋ ነበር። ወደ ትምህርቷ ስትመለስ «ይህን ነገር በትልልቁ ጻፉልኝ፤ ለጎረቤቶቼ አነብላቸዋለሁ» አለችን። ስለዚህ ጻፍነው።

እናንተም ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው። እነዚህንም ቃላት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ ቆዳ፣ ቅባት፣ ብጉር፣ ጡት፣ ንጹሕ ውሃ።