በወዳጅ ላይ የሚዘጋ በር ማንን ይቀጣል?



አሜሪካ በ2025 ከካናዳ በሚገባው ብረትና አሉሚኒየም ላይ መጀመሪያ 25፣ ጥቂት ወራት ቆይታም 50 በመቶ ቀረጥ ስትጥል፣ በየዶርሙና በየካፌው ክርክሩ ጦፎ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካልጠቀስን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመካከላችን ብዙዎች “ጠንካራ አገር እንዲህ ነው፤ ጥገኛ የሆነብህን ወዳጅ ትንሽ ጨመቅ ስታደርገው የፈለግኸውን ይሰጥሃል” ሲሉ ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ጠላትን በንግድ መቅጣት የራሱ ክርክር አለው። ወዳጅን በንግድ መቅጣት ግን ወዳጁ ያለ ቀጪው መኖርን እንዲለምድ ማስተማር ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ቀረጡን የሚከፍለው ካናዳዊው ሻጭ አይደለም፤ ዕቃውን ወደ አገሩ የሚያስገባው አሜሪካዊ ነው። ሻጩ የሚጎዳው ገበያው ሲቀዘቅዝበት ነው። አስመጪው የከፈለውን በዋጋ ላይ ይጨምረዋል፣ ጭማሪው ድልድይ በሚሠራውና መኪና በሚገጣጥመው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዱላው ሲሰነዘር መጀመሪያ የሚያርፈው በሰንዛሪው ቤት ነው። ይህ ግን የሚታየው ወጪ ብቻ ነው። የማይታየው ወጪ ይበልጣል፣ እሱን ለማየትም የካናዳው ጉዳይ ገና ስላልተቋጨ ተጀምሮ ያለቀ ሌላ ታሪክ ያስፈልገናል። እንዲህ ያለ ታሪክ በቅርባችን፣ ብዙ እህትና ወንድሞቻችን ሠርተው በሚያድሩበት በባሕረ ሰላጤው ምድር ተፈጽሟል። እዚያ የሆነው ከቀረጥ የከፋ ነው። ቀረጥ በሩን ያጠበዋል፣ እገዳ ይዘጋዋል፤ መነሻ ሐሳባቸው ግን አንድ ነው።

ጁን 5 ቀን 2017 (ግንቦት 28 ቀን 2009 ዓ.ም)፣ ረመዳን በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ። ሦስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ከኳታር ጋር ከ1981 ጀምሮ በአንድ የትብብር ምክር ቤት የተቀመጡ፣ ከ2003 ጀምሮ የጉምሩክ ኅብረት፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የጋራ ገበያ ያላቸው አገሮች ነበሩ። ሳዑዲ የኳታር ብቸኛ የየብስ በር የሆነውን የሰልዋ መተላለፊያ ዘጋች፤ ከኳታር ምግብ 40 በመቶ ያህሉ በዚያ በር ይገባ እንደነበር ይገመታል። የአየር ክልሎች ተዘጉ። ለኳታር የሚመጡ ኮንቴይነሮች ይራገፉበት የነበረው የዱባዩ ጀበል ዐሊ ወደብም ለኳታር ጭነት ተዘጋ። አራቱ አገሮች “ኳታር ሽብርን ትደግፋለች፣ በውስጥ ጉዳያችን ጣልቃ ትገባለች” አሉ፤ ኳታር አስተባበለች። በክሱ ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የኛ ጉዳይ አይደለም። የኛ ጥያቄ መሣሪያው ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው ነው።

በዚያው ወር አራቱ አገሮች አሥራ ሦስት ጥያቄዎች አቀረቡ፤ ኳታር እንድትመልስም አሥር ቀን ሰጧት። ከጥያቄዎቹ መካከል ከኢራን ጋር ያላትን ግንኙነት እንድትቀንስ፣ የቱርክን የጦር ሰፈር እንድትዘጋና አልጀዚራን እንድትዘጋ የሚሉት ይገኙበታል። ምን ሆነ? የቱርክ ፓርላማ እገዳው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ወደ ኳታር ተጨማሪ ወታደሮች እንዲሄዱ ፈቀደ። ኢራን ምግብ ላከች፣ ለኳታር አውሮፕላኖችም የአየር ክልሏን ከፈተች። ኳታር በበኩሏ ከቴህራን አስወጥታው የነበረውን አምባሳደር በኦገስት 2017 መለሰች። አልጀዚራ ዛሬም ይሠራል። ኳታር ከኢራንና ከቱርክ እንድትርቅ የተዘጋው በር፣ ወደ ኢራንና ወደ ቱርክ ገፋት።

በኢኮኖሚው በኩል ኳታር አልተጎዳችም ማለት አንችልም። ሙዲስ የተባለው ተቋም ባወጣው ግምት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብቻ ባንኮቿንና ኢኮኖሚዋን ለመደገፍ 38.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥታለች። አየር መንገዷ በአራቱ አገሮች የነበሩትን አሥራ ስምንት መዳረሻዎች በአንድ ጊዜ አጥቶ በ2018 መጋቢት በተዘጋው የበጀት ዓመት 69 ሚሊዮን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 639 ሚሊዮን ዶላር ከሠረ። ነገር ግን የዘጉትም አገሮች ከፍለዋል። የሳዑዲ የወተትና የምግብ አምራቾች በራቸው ሥር የነበረውን ሀብታም ገበያ አጡ። በጀበል ዐሊ ያልፍ የነበረው ጭነት ወደ ዑማን ሱሓርና ሰላላ ወደቦች ዞረ። ኳታርም በሴፕቴምበር 2017 የራሷን የሐመድ ወደብ በይፋ መረቀች። ወተቱንስ? ላሞች በአውሮፕላን ተጭነው ዶሃ ገቡ፣ በበረሃው መሐል በሺዎች የሚቆጠሩ ላሞች የሚታለቡበት እርባታ ተስፋፋ። በሩ በ2021 ሲከፈት የቀድሞዎቹ ሻጮች ጥለውት የሄዱትን ገበያ እንደነበረ አላገኙትም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን “እንዲያውም ጠቀማት እኮ! ራሷን ቻለች” ይላሉ። እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች ነንና ይህን በሌላ ዓይን እናየዋለን። ሙቀቱ 45 ዲግሪ በሚደርስበት በረሃ ላም ማርባት ማለት ጣራ፣ ማራገቢያና የውኃ ርጭት ቀን ከሌሊት ማሠራት ማለት ነው፤ ውኃውም በአብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ወተቱ ደግሞ በጭነት መኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ፣ በጎረቤት አገር ተትረፍርፎ ነበር። ዕርባታው የተሠራው የወተት እጥረት ኖሮ አይደለም፤ መተማመን ስለጠፋ ነው። አንድ አገር ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ ማዘጋጀቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወዳጆች ሁሉ እርስ በርስ ስለሚፈራሩ አንድ ዓይነት ወደብ፣ አንድ ዓይነት ጎተራ፣ አንድ ዓይነት ዕርባታ በየፊናቸው ሲገነቡ የሚባክነው ሀብት የሁሉም ነው። ኳታር ይህን ለመክፈል ጋዝ ነበራት። ድሃ አገር ቢሆን ኖሮስ? ምናልባት እጁን ይሰጥ ነበር። ግን በረሃብ የተገኘ እሺታ ወዳጅነት አይባልም፤ እስኪጠግብ ድረስ የሚቆይ ዝምታ ነው።

ከሁሉ የሚገርመን ግን ያልተዘጋው መስመር ነው። ከኳታር ራስ ለፋን ተነሥቶ በባሕር ሥር 364 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኤምሬቶች የሚደርሰው የዶልፊን የጋዝ ቧንቧ በእገዳው ዘመን ሁሉ ሥራውን አላቋረጠም። ሰው ማለፍ አልቻለም፣ ወተት ማለፍ አልቻለም፤ የአቡ ዳቢንና የዱባይን መብራት የሚያበራው ጋዝ ግን ያልፍ ነበር። ከልካዩም ተከልካዩም ያን ቧንቧ ለመንካት አልደፈሩም። ይህ የሚነግረን ሁለቱም ወገኖች እውነቱን ያውቁት እንደነበር ነው፤ የጋራ የሆነን ነገር መቁረጥ ሁለቱንም ይቆርጣል።

የዲፕሎማሲው ኪሳራ ደግሞ በሩ ከተከፈተም በኋላ አላለቀም። በዲሴምበር 2017 ኩዌት የጠራችው የምክር ቤቱ ጉባኤ ላይ ሳዑዲ፣ ኤምሬቶችና ባሕሬን መሪዎቻቸውን አልላኩም፤ ለሁለት ቀን የታቀደው ስብሰባ በአንድ ቀን ተጠናቀቀ። ኩዌት ሳትሰለች ሸመገለች፤ ዕርቁ በጃንዋሪ 5 ቀን 2021 በሳዑዲዋ ከተማ በአል-ዑላ ተፈረመ። እገዳው የቆየው ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ያም ሆኖ ኳታርና ኤምሬቶች ኤምባሲዎቻቸውን ዳግም የከፈቱት በጁን 2023፣ ፊርማው ከደረቀ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በር በአንድ ቀን ይዘጋል፣ በአንድ ቀንም ይከፈታል፤ እምነት ግን በአንድ ቀን አይመለስም። “እባብ ያየ በልጥ በረየ” ይባል የለ? ካናዳም በ2018 ተመሳሳይ የብረት ቀረጥ ተጥሎባት፣ በ2019 ተነሥቶላት፣ አዲስ የንግድ ስምምነት ፈርማ፣ በ2025 ያው ነገር ተመለሰባት። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርክ ካርኒ ከአሜሪካ ጋር የነበረው የቀድሞው ግንኙነት አብቅቷል ብለው በይፋ የተናገሩት ያኔ ነው።

ሁለት ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው። የኳታር ዜጎች ከሦስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በአሥራ አራት ቀን እንዲወጡ ሲነገራቸው ባልና ሚስት ተለያዩ፣ እንደኛ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው ወጡ። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በጁላይ 2018 በሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ፣ ኤምሬቶች የተለያዩ ቤተሰቦች እንዲገናኙና ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ወይም ማስረጃቸውን እንዲያገኙ እንድታደርግ አዟል፤ ጉዳዩን በ2021 ከሥልጣኔ ውጭ ነው ብሎ ቢዘጋውም ማለት ነው። በሳዑዲ የግጦሽ መሬት የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የኳታር ግመሎችና በጎችም ከነእረኞቻቸው ተባረው በድንበሩ በሰኔ ሙቀት ተጨናነቁ።

ጦሱ እስከኛ ደጃፍም ደርሷል። ኳታር ከ2010 ሽምግልናዋ ወዲህ በጅቡቲና በኤርትራ መካከል በዱሜራ ሰላም አስከባሪ ወታደሮች ነበሯት። ሁለቱም አገሮች ከሳዑዲ ወገን ሲቆሙ፣ ኳታር በጁን 2017 ወታደሮቿን አስወጣች። ብዙም ሳይቆይ ጅቡቲ ኤርትራ አወዛጋቢውን ቦታ ያዘች ስትል ከሰሰች፤ የአፍሪካ ኅብረት ሁለቱም እንዲረጋጉ እስከ መጠየቅ ደረሰ። አብዛኛው የአገራችን የውጭ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በሩቅ የተጣሉ ወንድማማቾች የኛን በር ሊያስዘጉ ተቃርበው ነበር ማለት ነው።

በሲራ ያነበብነው የሡማመህ ኢብን ኡሣል (ረ.ዐ) ታሪክ እዚህ ላይ ይታወሰናል። የየማማ ሹም ነበር፤ የመካ እህል የሚመጣው ከየማማ ነበር። ሰልሞ ለዑምራ መካ ሲገባ ቁረይሾች ሰደቡት፤ እሱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካልፈቀዱ አንዲት የስንዴ ፍሬ ከየማማ እንደማትመጣላቸው ነገራቸው፣ ቃሉንም ፈጸመ። መካ ተራበች። ያን ጊዜ ቁረይሾች ነቢዩን የወጉ፣ ከአገራቸው ያስወጡ ጠላቶች ነበሩ። ሆኖም ስለ ዝምድና ብለው ሲማጸኗቸው፣ ነቢዩ ለሡማመህ ጽፈው እህሉ እንዲያልፍ አደረጉ። ጠላት ላይ የተዘጋ የእህል በር በዝምድና ስም ከተከፈተ፣ በአንድ ምክር ቤት የተቀመጠ፣ በአንድ ቂብላ የሚሰግድ ጎረቤት ላይ፣ ያውም በረመዳን፣ በር መዝጋት ምን ሊባል ነው?

“እኛስ የምንተወው ዕቃ የለም ወይ?” የሚል ይኖራል። አለ። አንድ ሸማች ገንዘቤ ዙልምን አይደግፍም ብሎ ዕቃ ሳይገዛ መቅረቱ የራሱ ምርጫ ነው። መንግሥት የጎረቤቱን ሕዝብ የምግብ በር መዝጋቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የባሕረ ሰላጤን ነገሥታት ለመምከር አይደለም። ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትሸጣለች፤ ከጅቡቲ ጋር በባቡር ተገናኝታለች። ነገ መስመሮቹን የምንዘረጋው፣ ትራንስፎርመሩን የምንጠብቀው፣ ውሉ ሲረቀቅ የምንቀመጠው እኛው የዛሬ ተማሪዎች ነን። ከጎረቤት ጋር አለመግባባት በተነሣ ቁጥር “መብራቱን ቁረጡባቸው” የሚል ድምፅ ከካፌያችን ሳይቀር ይሰማል። ለዚህ ድምፅ መልሳችን ግልጽ መሆን አለበት። መስመሩ የተዘረጋው ተቀባዩ ስለተማመነብን ነው፤ አንድ ጊዜ ብንቆርጠው በማግስቱ ጄኔሬተር ይገዛል፣ ከዚያም ሌላ ሻጭ ይፈልጋል። ያኔ ግድባችን ይኖራል፣ ገዢው አይኖርም።

ስለዚህ ከጎረቤት ጋር የሚፈረም የመብራት፣ የውኃ ወይም የወደብ ውል ሁሉ አንድ አንቀጽ እንዲኖረው እንመኛለን። ፖለቲካዊ ጠብ ቢነሣ አገልግሎቱ አይቋረጥም፤ ጠቡ በሽማግሌና በፍርድ ይታይ የሚል። የዶልፊን ቧንቧ ሳይጻፍ የፈጸመውን፣ እኛ አስቀድመን ብንጽፈው ይሻላል። ውል አማና ነው፣ አማናም ይጠየቁበታል።

ወሏሁ አዕለም።