የእርዳታው ገንዘብ ሲቋረጥ ድርጅቶችን ማን ይመክራል?

ቦታው ተመርጧል፤ አርሶ አደሩ ድንጋይና አሸዋ አቅርቧል፤ የውኃ ጉድጓዱም ተጋምሷል። ከዚያ የፕሮጀክቱ መኪና መምጣቱን ያቆማል። የወረዳው ባለሙያ ሲጠየቅ "በጀቱ ተቋርጧል" ይላል፤ የቀበሌው ነዋሪም "መያዱ ወጣ" ብሎ ተስፋውን ይቆርጣል። በመካከሉ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ድርጅቱ እጁ ላይ ስንት ገንዘብ ነበረው? ከዚያ ውስጥ የጉድጓዱ ድርሻ ምን ያህል ነበር? ድርሻውስ የት ገባ? የአማካሪ ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ላይ ነው።

የችግሩ መነሻ ይታወቃል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የውጭ የልማት እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም አዘዙ። መጋቢት 1 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን አስታወቁ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ ተቋሙ ራሱ ሥራውን አቁሞ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተዛወረ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች መካከል ከአሜሪካ ከፍተኛ እርዳታ ከሚያገኙት አንዷ ስለነበረች ጉዳቱ ፈጥኖ ደረሰ። በዚህ ገንዘብ የተቀጠሩ ከ5 ሺህ በላይ የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የታዘዘው በዚያው ሰሞን ነበር።

በተለይ የጎዳው ነገር የተሠራ ሥራ ክፍያም አብሮ መታገዱ ነው። አንዳንድ ውሎች ድርጅቱ አስቀድሞ ከራሱ አውጥቶ ሠርቶ፣ ደረሰኝ አቅርቦ ገንዘቡን የሚያስመልስባቸው ነበሩ። እገዳው ሲወጣ ሥራው ተሠርቷል፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። ጉዳዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ተከራክሮ፣ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ውዝፍ ክፍያ እንዲፈጸም የተሰጠውን የበታች ፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካቲት 26 ቀን ሳያግደው ቀርቷል። ይሁን እንጂ አነስተኛ የአገር ውስጥ ድርጅት ዋሽንግተን ላይ ክርክር እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ስንቅ የለውም።

በዚህ ላይ የብር የምንዛሪ ለውጥ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ገንዘቡን በዶላር የሚቀበል ድርጅት ለጊዜው የበለጠ ብር ማግኘቱ እውነት ነው። ቧንቧ፣ ፓምፕና ነዳጅ ግን አብረው ተወደዱ፤ በብር በጀት ይዞ ውል የገባው ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጎዳ። በክልላችን የጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋና ሥራ ሲያጓትት፣ ሥራው ቢቆምም ደመወዝና የቢሮ ኪራይ መከፈላቸው አልቀረም።

እንዲህ ባለ ዓመት አማካሪ ሲባል ብዙ የድርጅት ኃላፊዎች መጀመሪያ የሚጠብቁት አዲስ ለጋሽ የሚያገኝላቸውን ሰው ነው። ይህ ግምት የተሳሳተ ይመስለኛል። አንዱ ትልቅ ለጋሽ ሲወጣ የቀሩት ጥቂቶቹ በር ላይ ወረፋው ይረዝማል፤ በጥድፊያ የተጻፈ የፕሮጀክት ሐሳብ በዚያ ወረፋ የማለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። አማካሪው አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባው ሥራ እጅግ ተራ ነው፤ መቁጠር።

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው። አንድ ድርጅት ባንክ ውስጥ 4 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር አለው። የወር ወጪው 450 ሺህ ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 350 ሺው የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ሥራ አስኪያጁ አንዱን ለሌላው አካፍለው "ለ10 ወር እንቆያለን" ብለው ይረጋጋሉ። አማካሪው ግን መዝገቡን ከፍቶ ከገንዘቡ 3 ሚሊዮኑ ሌላ ለጋሽ ለምንጭ ማጎልበቻ ብቻ የሰጠው፣ ለሌላ ሥራ ሊውል የማይችል መሆኑን ያያል። የቀረው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው፤ ይህም 4 ወር ነው። ቆጠራው ገና አላለቀም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ሠራተኛ ቢቀንስ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በመዘጋት ወይም በቅነሳ ምክንያት ሲሆን ደግሞ በዚያ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ። ሠራተኞቹ በአማካይ 4 ዓመት ያገለገሉ ከሆነ ለእያንዳንዳቸው የ4 ወር ያህል ደመወዝ ይሆናል፤ በድምሩ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር። ድርጅቱ በእርግጥ የራሱ ነው ሊለው የሚችለው 400 ሺህ ብር ብቻ ነው። አንድ ወር አያደርስም።

10 ወር ያለው መስሎት የነበረ ድርጅት አንድ ወር እንኳ የለውም ማለት ነው። አርሶ አደሩን የሚመለከተውም እዚህ ላይ ነው። ቆጠራው ባይካሄድ ኖሮ ሥራ አስኪያጁ በአምስተኛው ወር ደመወዝ የሚከፍሉት ከየት ነበር? ከምንጩ ገንዘብ ነው። በክፋት ወይም በስርቆት ላይሆን ይችላል፤ "አዲሱ ፕሮጀክት ሲጸድቅ እንተካዋለን" በሚል ቅን ተስፋ ይሆናል። አዲሱ ፕሮጀክት ሳይጸድቅ ሲቀር ግን ምንጩ ሳይጎለብት፣ አርሶ አደሩ ያቀረበው ድንጋይም በሣር ተሸፍኖ ይቀራል። ለጋሹ ኦዲት ሲያደርግም ድርጅቱ የሌለውን ገንዘብ እንዲመልስ ይጠየቃል።

ገበሬ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ሰኔ ላይ ጎተራውን ሲያይ ለዘር ያስቀመጠውን ከቀለቡ ጋር አይደምርም፤ እስከ መስከረምና ጥቅምት የሚያደርሰው ስንት እንደሆነ የሚለካው ዘሩን ለይቶ ነው። የእድር ገንዘብ ያዥም ሳጥኑ ውስጥ ካለው ውስጥ ለሐዘን የተመደበውንና ለድንኳን ማሳደሻ የተዋጣውን ለይቶ ይናገራል። ዲግሪ ያላቸው ሠራተኞች በሞሉበት ቢሮ ይህ ሲዘነጋ ማየት ይገርማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ለጋሽ የሚጠይቀው የራሱን ፕሮጀክት ሪፖርት ስለሆነ፣ ድርጅቱን እንደ አንድ ቤት አድርጎ የሚቆጥር ሰው በደህናው ዘመን አላስፈለገም ነበር።

ከቆጠራው ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ መምረጥ ነው፤ የትኛው ሥራ ይቀጥል፣ የትኛው ይዘጋ፣ የትኛውስ ለሌላ ይተላለፍ? ሥራ አስኪያጁ ይህን ብቻውን መወሰን ይከብደዋል። የሚቀነሱት አብረውት ዓመታት የሠሩ፣ ልጆቻቸውን የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ቦርዱም ብዙ ጊዜ በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሪፖርት የሚያጸድቅ እንጂ መጥፎ ወሬ መስማት የለመደ አይደለም። ከውጭ የመጣ ሰው የማይደፈረውን ቃል ይናገራል፤ ቂሙንም ይዞት ይሄዳል። ይህ ራሱ አንድ አገልግሎት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ድርድር ነው። ሥራ ከመቆሙ በፊት ለጋሹን "የመዝጊያ ወጪ ይፈቀድልን" ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ፣ የሌላው ለጋሽ ገንዘብ ለተመሳሳይ ሥራ እንዲዛወር በጽሑፍ ማስፈቀድ፣ የተጀመረውን የውኃ ሥራ ከነዕቅዱና ከነዕቃው ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት በርክክብ ማስረከብ ይቻላል። የውኃ ኮሚቴው የመለዋወጫ ዋጋ ዝርዝር፣ የጠጋኙን ስልክና የቁጠባ ደብተሩን ይዞ ከቀረ ፓምፑ ሊሠራ ይችላል። መኪናው ድንገት ጠፍቶ ከቀረ ግን በመጀመሪያው ብልሽት ይቆማል። በሥርዓት በተዘጋና ድንገት በተቋረጠ ፕሮጀክት መካከል ያለው ልዩነት ነዋሪው በየቀኑ የሚኖርበት ልዩነት ነው።

ይህ ሁሉ ግን አማካሪ ነኝ ያለ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። በችግር ጊዜ የሚበዛ አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ "ፕሮጀክት እጽፍላችኋለሁ፣ ገንዘቡ ሲገኝ በመቶኛ ትሰጡኛላችሁ" የሚል። ያ መቶኛ የሚቆረጠው ለድሃው ከተጠየቀው ገንዘብ ነው፤ ለጋሾችም ሲደርሱበት ድርጅቱን ይጠራጠራሉ። ሌላው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መቶ ገጽ ስትራቴጂክ ዕቅድ አስረክቦ የሚሄደው ነው፤ ሰነዱ መደርደሪያ ያደምቃል፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን በመጪው ወር የትኛውን ሂሳብ ቀድማ እንደምትከፍል አይነግራትም። ሁለት ገጽ አማርኛና አንድ የወር ወጪ ሠንጠረዥ ከዚያ ይበልጣል።

"የገቢ ማስገኛ ንግድ ክፈቱ" የሚለው ምክርም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ትርፉን ለአባላት ሳያከፋፍሉ ለዓላማቸው እንዲያውሉት፣ ንግዱም የንግድና የግብር ሕጎችን እንዲያከብር አድርጎ ይህን ፈቅዷል። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩትን የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ ምንጭ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ እንዳያገኙ ገድቦ እንደነበር ለሚያስታውስ ለውጡ ትልቅ ነው። ሆኖም አዳራሽ ሠርቶ ማከራየት ወይም ወፍጮ መትከል መነሻ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። አንድ ወር የቀረው ድርጅት ንግድ ሊጀምርበት የሚችለው ገንዘብ ያ የምንጩ 3 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። ይህ የደህና ዓመት ምክር ነው።

አዋጁ ከሌላ ድርጅት ጋር መዋሐድንም ይፈቅዳል። በአንድ ዞን ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሁለት ድርጅቶች አንድ ቢሮ፣ አንድ የሒሳብ ክፍልና አንድ መኪና ቢይዙ ብዙ ይድናል። የሚያስቸግረው ሕጉ ሳይሆን የመሥራቾቹ ስምና ወንበር ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይነሣል፤ አማካሪውን ማን ይከፍለዋል? አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ዓላማው መልካም ነው፤ ለችግረኛ የተሰጠ ገንዘብ በቢሮ እንዳያልቅ ነው። ገቢ በድንገት ሲወርድ ግን ኪራይና ደመወዝ ወዲያው ስለማይወርዱ ድርጅቱ ከጣሪያው በላይ ይገኛል፤ በዚያ ሰዓት ለምክር ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ይመስላል። ለጋሾችም ቢሆኑ ለጉድጓድ እንጂ ጉድጓዱን ለሚያስተዳድረው መዝገብ መክፈል አይወዱም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያዋጡት ገንዘብም እንዲሁ ለሚታይ ግንባታ ይሄዳል።

ሌላ አማራጭ ግን በቅርባችን አለ። በክልላችን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ደብረ ማርቆስንና ወሎን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የሒሳብ አያያዝና የሕግ ትምህርት ይሰጣሉ፤ የማኅበረሰብ አገልግሎትም አንዱ ተግባራቸው ነው። የሕግ ክፍሎች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጡት ሁሉ፣ የሒሳብ መምህራን ከተመራቂ ተማሪዎች ጋር ሆነው በወር ሁለት ቀን የአነስተኛ ድርጅቶችን መዝገብ ቢያዩ ከላይ ያየነው ቆጠራ ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅም። በአዋጁ የተቋቋመው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ምክር ቤትም ለአባላቱ በጋራ አንድ አማካሪ መቅጠር ይችላል፤ አሥር ድርጅቶች ሲካፈሉት ክፍያው ይቀላል።

ነዋሪውም እጁን አጣምሮ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ፕሮጀክት ሲተዋወቅ "ስንት ጉድጓድ ትሠራላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ተለምዷል። "የዚህ ሥራ ገንዘብ ለብቻው ተቀምጧል ወይ? ገንዘቡ ቢቋረጥ ሥራውን ለማን ታስረክባላችሁ?" ብሎ መጠየቅና መልሱን በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብም ይቻላል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ድንጋይና አሸዋው ከመቅረቡ በፊት ነው።