ግድቡን ያመጣው ዳንስ አይደለም

በ«ዘ ክራውን» ሁለተኛ ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አንድ የ16 ዓመት ልጅ የእህቱ ሞት ምክንያት ይሆናል። ስኮትላንድ ውስጥ ጎርደንስታውን በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ከሌላ ተማሪ ጋር ይጣላል። ቅጣቱ በዕረፍት ቀናት ወደ እህቱ ቤት አለመሄድ ነው። እሱን ስትጠብቅ ቤቷ ልትቆይ የነበረችው እህትም «እንግዲያው ለንደን ወዳለው ሠርግ ልሂድ» ብላ አውሮፕላን ትሳፈራለች። አውሮፕላኑ ይከሰከሳል። በቀብሩ ላይ የገዛ አባቱ፣ በሕዝብ ፊት፣ ጥፋቱ ያንተ ነው ይለዋል።

ልጁ ኋላ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባል የሆነው ልዑል ፊሊፕ ነው። አደጋው እውነት ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1937 (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እህቱ ሴሲሊ፣ ባሏ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿና አማቷ ቤልጅየም ውስጥ ኦስተንድ አጠገብ አለቁ። እሷም ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐሰቱ ያለው ምክንያቱ ላይ ነው። ሠርጉ የባሏ የወንድሙ ሠርግ ነበር። በጥቅምት ወር ሊደረግ ታስቦ አማቷ፣ የሙሽራው አባት፣ ስለሞቱ ወደ ኖቬምበር የተላለፈ ሠርግ ነው። ሴሲሊ ከመጀመሪያውም ሄያጅ ነበረች። ዱላ የለም፣ ቅጣት የለም፣ የቀረ ዕረፍት የለም። ልጁ በዚህ ነገር ውስጥ ምንም እጅ የለበትም።

ክፍሉ ለዓለም የተሰራጨው በዲሴምበር 2017 ነው። ያኔ ፊሊፕ በሕይወት ነበር። 96 ዓመቱ ነበር።

ይህ ሲነሳ ከተከታታዩ ወዳጆች የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ድራማ እኮ ነው፤ ዶክመንተሪ አይደለም»። መልሱ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰው ሁሉ የሚደግመው። ንግሥቲቱና ባሏ በራቸውን ዘግተው የተነጋገሩትን ማንም አልሰማም። ጸሐፊው ፒተር ሞርጋን ያንን ቃል መፍጠር ነበረበት፤ ካልፈጠረ ድራማ የለም። ለቸርችል ያልነበረች ወጣት ጸሐፊ ፈጥሮ በ1952 የለንደን ጭስ ውስጥ በአውቶቡስ ሲያስገጫት እንኳ፣ ጭሱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መግደሉ እውነት ነውና፣ የአንዲት ልብ ወለድ ሴት ሞት ብዙ አይከብድም። (ጭሱ ቸርችልን ከሥልጣን ሊያወርድ ደርሶ ነበር የተባለው ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ የፖለቲካ ቀውስ በዚያ ሳምንት አልነበረም።)

ክርክሩ መሆን ያለበት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሰዎቹ ምን እንዳሉ መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ ያደረገው ማን እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንዳደረገው መቀየር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዝምታን በቃል መሙላት ነው። ሁለተኛው ፍርድ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው ደግሞ ተከሳሹ መልስ በማይሰጥበት ችሎት ነው። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ድራማ ላይ መግለጫ አውጥቶ አይከራከርም፤ ጸሐፊዎቹም ይህንን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ለአፍሪካ ሰው ግን ከፊሊፕ ይልቅ የሚያንገበግበው በዚያው ሲዝን ያለው ስምንተኛው ክፍል ነው። ንግሥቲቱ ዣክሊን ኬኔዲ በአንድ ግብዣ ላይ እንዳማቻት ትሰማለች። በቅናትና በእልህ ተነስታ፣ የመንግሥቷን ሰዎች ምክር ችላ ብላ፣ ወደ ጋና ትበርራለች። እዚያ ክዋሜ ንክሩማህ ወደ ሶቪየቶች እየተንሸራተተ ነው። ከእሱ ጋር ትደንሳለች። በዳንሱ ማግስት ሰውየው ከሞስኮ ፊቱን አዙሮ ይመለሳል። ሙዚቃ፣ ጭብጨባ፣ አለቀ።

እውነቱ ምን ይመስላል? ጉብኝቱ የእልህ ጉዞ አልነበረም። በ1959 ሊደረግ ተይዞ፣ ንግሥቲቱ ልዑል አንድሩን በማርገዟ የተላለፈ ነው። በዚያው ዓመት ንክሩማህ ራሱ ባልሞራል ድረስ ተጋብዞ ሄዷል። በ1961 መከር ላይ ጋና ውስጥ ነገሩ ጠንክሮ ነበር፦ ሠራተኛው ሴኮንዲ ታኮራዲ ላይ አድማ መታ፣ ንክሩማህ እንግሊዛዊውን የጦር አዛዥ ጄኔራል አሌክሳንደርን አባረረ፣ ጄ. ቢ. ዳንኳን የመሰሉ ተቃዋሚዎችን አሰረ፣ ጉብኝቱ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አክራ ላይ ቦምብ ፈነዳ። የለንደን ፓርላማ «ትሂድ፣ አትሂድ» እያለ ተከራከረ። ሚኒስትሩ ደንከን ሳንዲስ አክራ ድረስ ሄዶ ንግሥቲቱ የምታልፍበትን መንገድ ከንክሩማህ ጋር በመኪና ዞረበት፤ የሚተኩስ ካለ መጀመሪያ በእነሱ ላይ ይተኩስ እንደማለት ነው። ከዚህ በላይ ድራማ ምን ይፈለጋል? ይህ ሁሉ ተጥሎ የሁለት ሴቶች ቅናት ተመረጠ።

ከጉብኝቱ በስተጀርባ የነበረው ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ግድብ ነው። በቮልታ ወንዝ ላይ የአኮሶምቦ ግድብ። ጋና የወጪውን ግማሽ ከራሷ ኪስ ልታወጣ ተዘጋጅታ ቀሪውን ከዓለም ባንክ፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ በብድር ትጠይቅ ነበር። ግንባታውን የያዘው ኢምፕሬጂሎ የሚባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ነው። የሕዳሴውን ግድብ የገነባው የዛሬው ዊቢልድ ከዚያው የዘር ሐረግ የወጣ ነውና የአማርኛ አንባቢ ስሙን ሊዘነጋው አይችልም። የአሜሪካ ገንዘብ የታሰረው በአሉሚኒየም ፋብሪካው ውል፣ በኤሌክትሪኩ ዋጋና በኬኔዲ ማመንታት ላይ ነበር። ኬኔዲ በዲሴምበር 1961 ብድሩን ሲፈቅድ፣ ማክሚላን የንግሥቲቱን ጉዞ እንደ መከራከሪያ ተጠቅሞበታል። አዎ፣ ጉብኝቱ ሚና ነበረው። ሚናው ግን በዋሽንግተንና በለንደን መካከል በተደረገ የፖለቲካ ድርድር ውስጥ እንጂ በንክሩማህ ልብ ላይ አልነበረም።

ንክሩማህማ በዳንሱ ማግስት አልተመለሰም። በ1962 የሌኒን የሰላም ሽልማትን የተቀበለው ያው ሰውዬ ነው። ግድቡ በጃንዋሪ 1966 ተመረቀ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 24፣ ወደ ሃኖይ ሲጓዝ ወታደሮቹ ገለበጡት፤ ወሬውን የሰማው ቤጂንግ ላይ ነው። ውሃው ሲሞላ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተነሳ። የአሉሚኒየም ፋብሪካው ደግሞ ኤሌክትሪኩን እጅግ በረከሰ ዋጋ ወሰደ። የራሱን ስሌት የሚያሰላ፣ ከምሥራቅም ከምዕራብም የሚደራደር፣ የሚሳሳትም፣ የሚያስርም መሪ ነበር። ድራማው ከዚህ ሁሉ ያስቀረው አንድ ሚና ነው፦ በነጭ ንግሥት ጓንት ተይዞ ወደ ቀልቡ የሚመለስ ጥቁር።

ግድብ ለመገንባት ከባንክና ከኃያል መንግሥት ጋር መሟገት ምን እንደሆነ በሚያውቅ አገር ይህ ቀላል ስህተት ሆኖ አይታለፍም። ከ50 ዓመት በኋላ የሕዳሴው ግድብ ታሪክም በአንድ የውጭ እንግዳ ፈገግታ ቢተረክ የሚስቅ ኢትዮጵያዊ አይኖርም።

ስህተቱ ካለማወቅ የመጣ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ይገባው ነበር። አይደለም። ተከታታዩ ሮበርት ሌሲን የመሰለ የታሪክ ጸሐፊ አማካሪ ነበረው። የዘውዱ ድንጋይ፣ የካባው ጥልፍ፣ የመኪናው ዓይነት፣ የስልኩ ቀለም ሳይቀር ተመርምሮ ተሠርቷል። ወጥመዱም እዚህ ነው። ልብሱ ልክ ሲሆን ተመልካቹ ነገሩም ልክ ነው ይላል። ለቁልፍ የወጣው ጥንቃቄ ሩቡ ለምክንያት ቢወጣ ኖሮ የሴሲሊ ሞት በወንድሟ ጫንቃ ላይ አይወድቅም ነበር።

እንግሊዞች ራሳቸው መፍትሔ ብለው ያመጡት ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ነው። በ2020 የባህል ሚኒስትሩ ኦሊቨር ዳውደን ኔትፍሊክስ «ይህ ልብ ወለድ ነው» የሚል ጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ጠየቁ፤ ኩባንያው እምቢ አለ። በ2022 ተዋናይቷ ጁዲ ዴንች ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ሲዝን ማስታወቂያ ሥር «በእውነተኛ ክስተቶች የተነሳሳ ልብ ወለድ» የሚል መግለጫ ታየ። ምን ጠቀመ? «ልብ ወለድ» የሚል አንድ ቃል ንጹሑን ፈጠራና ስም ማጥፋቱን እኩል ይሸፍናል። እንደውም ለጸሐፊው ፈቃድ ይሆንለታል።

ሚኒስትሮች በዚህ ጉዳይ መግባታቸው ራሱ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ቱርክ ውስጥ ስለ ሱልጣን ሱለይማን የተሠራው «አስደናቂው ምዕተ ዓመት» በ2011 ሲጀመር ለብሮድካስት ተቆጣጣሪው ከ70,000 በላይ አቤቱታ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ኤርዶዋን ራሳቸው ተነሥተው አባቶቻችን ዕድሜያቸውን በፈረስ ላይ ነው ያሳለፉት፣ በእልፍኝ አይደለም ብለው ተቆጡ። የተቆጡት እውነት ስለተጣሰ አልነበረም። ሱለይማን ልጁን ሙስጠፋን በ1553 አስገድሏል፤ ይህ ከፈረሱ እኩል እውነት ነው። ድራማው ያንን ግድያ በ2014 ሲያሳይ ሰው ቡርሳ ድረስ ወደ ልዑሉ መቃብር ጎረፈ። ባለሥልጣን «ትክክለኛ ታሪክ» ሲል ብዙ ጊዜ ክብሬ አይነካ ማለቱ ነው። ስለዚህ ዳኝነቱ ለተመልካች፣ ለታሪክ ባለሙያና ለተቺ እንጂ ለመንግሥት አይሰጥ።

ደግሞ በአግባቡ መሥራት ይቻላል፤ ይህንንም ያሳየው ራሱ «ዘ ክራውን» ነው። በ1966 ዌልስ ውስጥ አበርፋን በሚባል የማዕድን መንደር የከሰል ቁልል ተደርምሶ 144 ሰው፣ ከዚህም ውስጥ 116 ሕፃናት አለቁ። ንግሥቲቱ እዚያ የደረሰችው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ሠሪዎቹ ከመቅረጻቸው በፊት የመንደሩን ሰዎች አነጋገሩ፣ መዘግየቷን እንዳለ አስቀመጡ፣ ጥፋቱን ወደ ሌላ ሰው አላዞሩም። ያ ክፍል ከስድስቱ ሲዝን ሁሉ የሚልቀው ለዚህ ነው። እንባዋን አስመስላ ጠረገች የሚለውን ጨዋታ ግን መተው አልቻሉም፤ የመንደሩ ሰዎች ስታለቅስ አይተናት ነበር ይላሉ።

ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይደለም። ዛሬ በብዙ ሰው ልብ ያለው አጼ ቴዎድሮስ ከዜና መዋዕሎቹ ይልቅ ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ ከአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ና ከብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» የወጣ ነው። ልብ ወለድ ንጉሥን እንደገና መውለድ ይችላል። ያኔ ግን መጽሐፉን ያነበበው ሌላም መጽሐፍ ያነብ ነበር። አሁን በውጭ አገር የሚያድገው የኢትዮጵያውያን ልጅ ስለ ነገሥታት የሚያውቀው ከስክሪን ያየውን ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ስለ ቴዎድሮስ ልጅ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ተከታታይ መሠራቱ አይቀርም። ታሪኩ ለካሜራ የተመቸ ነው፦ አባቱ በመቅደላ ራሱን ሲገድል ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ልጅ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በመንገድ ሳሉ በ1868 ሞቱ፣ ከዚያ ባሕር ማዶ፣ ከዚያ የማይወደው አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞት። የፊሊፕን ክፍል የጻፈ እጅ ይህንን ቢይዝ ቀጣዩን መገመት አያስቸግርም። ልጁ በጉዞው ላይ አንድ ነገር ያጠፋል፤ እናቱም በዚያ ምክንያት ትሞታለች። ልብስ አዋቂው የልጁን ሸማና የብር ሐብል አስመስሎ ይሠራል። የዓለም ሕዝብም ያምናል።

ዓለማየሁ መልስ አይሰጥም። አጽሙ ያለው ዊንድሰር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ነው፤ የፊሊፕ ቀብር ሥርዓት በ2021 የተፈጸመውም እዚያው ነው። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሰጠው መልስ፣ እሱን ለማውጣት አጠገቡ ያረፉትን መረበሽ ይሆናል የሚል ነበር።